አንድ አንድ ስንዝር

እሽቅድድመኛው ባለአራት ጎማ ሞተሩን ይዞ በሦስት ውድድር ሦስት ጊዜ ተገልብጧል። የእጮኛው አባት አቶ ደምሰው፣ «ዘንድሮም ከተገለበጥክ ልጄን እርሳት» ብለውታል። እሱ ግን ጥፋቱን ሁሉ የጫነው በሞተሩ ጠባብ የኋላ እግር ላይ ነው።

ጋራዥ ወስዶ፣ «የኋላ ጎማዎቹን ወደ ውጭ አስፉልኝ» አላቸው፣ ሁለቱን ወንድማማች መካኒኮች።

«አለቃ፣ ሜትር እስክናመጣ ትንሽ...»

«ሜትር ለግንበኛ ነው! በየጎናችሁ አንድ አንድ ስንዝር ግፉት። ይሄም ትምህርት ይፈልጋል?»

ግዙፉ ተካልኝ በቀኝ፣ ድንክዬው ጫንያለው በግራ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በገዛ ስንዝራቸው ለክተው ገፉ።

በውድድሩ ቀን ሞተሩ መሬቱን ቆንጥጦ ያዘ። የሜዳው ኩርባ ሁሉ ወደ ግራ ስለነበር፣ ሰፊው ቀኝ ጎኑ ደግፎት አንደኛ ወጣ። ማይክ ነጥቆ፣ «ሞተር በሜትር የሚለካ ፈሪ ነው!» ብሎ ለፈፈ።

ከዚያም ሞተሩ ላይ ተመልሶ ወጥቶ ዋንጫውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ በሜዳው ቀኝ ዳር የተቀመጡትን የወደፊት አማቱን እጅ ሊነሳ በሙሉ ፍጥነት ወደ ቀኝ ታጠፈ።

አቶ ደምሰው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ እየተንከባለለ የመጣውን ዋንጫ እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉት።