ነጭ ማር በሁለት ቋንቋ

የጽዮናዊት ጣት ላፕቶፑ ላይ እንደተዘረጋ ቆየ። ለማር ሱቃቸው ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ አንድ ብቻ ነው። አባቷ ደበበ በአማርኛ ይሁን አለ፤ እናቷ ቲቲ በኦሮምኛ ካልሆነ አለች። ልጅቷ የቋንቋ ማጣሪያውን አማርኛ ላይ አድርጋ «ነጭ ማር» የሚለውን ምን ያህል ሰው እንደሚፈልገው ስታይ የፍለጋው ግራፍ መስመር ሽቅብ ወጣ። ወደ ኦሮምኛ አዙራ የኦሮምኛውን ስትጽፍ መስመሩ መሬት ላይ ተኛ።

«አየሽ ቲቲ? ኮምፒውተር አያዳላም» አለ ደበበ።

ቲቲ የማር ማንኪያውን መወልወል ቀጠለች።

ይህን ጊዜ ከሰቶ ሰመሮ ቀበሌ የመጣች ሴት ገብታ ማሩ ስኳር የገባበት እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀች። ደበበ በኦሮምኛ መለሰላት፣ አስቀመሳት፣ «ዱጉማ! ዱጉማ!» እያለ ማለላት፣ በዋጋው ተሟገታት፣ አሳቃት። ሴትዮዋ ትልቁን ጀሪካን ይዛ ወጣች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«ኮምፒውተሩ ይናገር እንጂ» አለች ቲቲ፣ ማንኪያውን እያቀበለችው።

ደበበ ማንኪያውን አገላብጦ አየው። ከዚያ ልጁን ሳያያት «ባሬሲ» አላት፤ ጻፊ ማለቱ ነው።

ጽዮናዊት በየትኛው ቋንቋ ብላ አልጠየቀችም።