ጨው ያቀበለው ልጅ

በሃርቢን ከተማ የጨው መነስነሻ ሁሉ የያዘውን ሰው ደም ይለያል። የደም ግፊት በዘሩ ያለበት ሰው ከነካው ክዳኑ ቀጭ ብሎ ይቆለፍና ቀይ መብራት ያበራል። እንዲህ ካለ ቤት ደግሞ ልጁን የሚድር የለም።

ሹላን ይህን ስለምታውቅ፣ የሴት ልጇን የዩቲንግን እጮኛ እናት ምሳ በጋበዘች ዕለት ወንድ ልጇን ሃዎን አስጠነቀቀችው።

"ያን መነስነሻ እንዳትነካ!"

"እሺ፣ እማዬ።"

ገበታው ሞቅ እንዳለ እንግዳዋ ወይዘሮ ቻዎ ሾርባውን ቀመሱና፣ "ልጄ፣ እስቲ ጨው አቀብለኝ" አሉት። ሃዎ ትልቅ ሰው ሲያዘው መቀመጥ አያውቅም። እናቱ ከሕፃንነቱ እንዳስለመደችው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ክዳኑ ቀጭ አለ። ቀዩ መብራት በራ።

ወይዘሮ ቻዎ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዩቲንግን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ልጅቷ ደርቃ ቀረች።

"ኧረ አይደንግጡ!" አለች ሹላን ሳቅ ብላ። "እሱ እኮ የኔ ልጅ አይደለም። ተጥሎ አግኝተን ነው ያሳደግነው።"

"እውነት ነው?" ሲሉ ወይዘሮ ቻዎ ልጁን ጠየቁት።

ሹላን አምጣ የወለደችው ልጅ እህቱን አየት አደረጋት። "እውነት ነው" አለ።

ወይዘሮ ቻዎ ማንኪያቸውን መልሰው አነሱ። ሹላንም እፎይ ብላ ሾርባ ልትጨምርለት ጭልፋውን ወደ ሃዎ ዘረጋች። እሱ ግን ሳህኑን በመዳፉ ከደነ።

"አይቸገሩ፣ እትዬ" አላት አንገቱን ደፍቶ። "ጠግቤያለሁ።"