ዛሬ የሚቃጠሉ አሥራ አራት ነጥቦች

«የትውልድ ቀን» ትላለች የዕረፍት ቤት ማኅበሩ ሠራተኛ ማሪቤል፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

ዱዌይን የማርሊስን ይናገራል። ማርሊስ እኩል የሱን ትናገራለች። ማሪቤል ቀና ብላ ሁለቱን ታያቸዋለች፤ ሁለቱም ወለሉን ያያሉ።

«በፍቺ ምክንያት ነው አላላችሁኝም?»

«ፍቺውንማ ጨርሰናል» ትላለች ማርሊስ። «የቀረን ነጥቡ ነው።»

ሚልዋኪ ላይ ዳኛዋ የሠላሳ አንድ ዓመቱን ትዳር በሃያ ደቂቃ አፍርሰውታል። የዕረፍት ቤት ማኅበሩ ግን እንዲህ በዋዛ የሚፈርስ አይደለም። ውሉ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ሲያልቅ ዱዌይን መቶ አንድ ዓመቱ ነው። ከአባልነት የሚወጣ ሰው ኦርላንዶ ድረስ መጥቶ፣ ከሚቀረው ሰው ጎን ተቀምጦ መፈረም አለበት። ማርሊስ ልትወጣ መጥታለች። ዱዌይን ደግሞ እንዳትወጣ ሊለምናት። የሚላትን ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ሲለማመድ ሰንብቷል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው እዚህ ድረስ ያወሩት ግን ስለ ሙቀቱ ነው።

ማሪቤል ደንብ ነውና የአባልነቱን መዝገብ ጮክ ብላ ታነባለች። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አራት ጊዜ መጥታችኋል።»

«ሦስት» ትላለች ማርሊስ። «በአንዱ አውሎ ነፋስ መጥቶ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተመልሰናል።»

«ሦስት። ሌላው እንግዲህ... ወደሚቀጥለው ዓመት የተዛወረ፣ ከሚቀጥለው ዓመት የተበደረ፣ በተጨማሪ የተገዛ፣ የተቃጠለ። እንደገና የተዛወረ፣ የተቃጠለ።»

በማኅበሩ ቤቶች የሚታደርበት ነጥብ በየዓመቱ ይሰጣል። በዓመቱ ካላደሩበት አንዴ ወደ ከርሞ ይዛወራል፤ ያኔም ካላደሩበት ይቃጠላል። ዱዌይን የሚያጠራቅመው ለትልቁ ቪላ ነበር፤ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው የመዝናኛ ፓርኩን ርችት ለሚያዩበት። ማርሊስ ጸደይ በመጣ ቁጥር «ትንሿም ክፍል እኮ አልጋ አላት» ትለዋለች። እሱ «ለከርሞ» ይላል። ነጥቡ ሲሞላ ቪላው የለም፤ ቦታ መያዝ የሚጀመረው ከአሥራ አንድ ወር በፊት ልክ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ያልቃል። ከዚያ ተጨማሪ ነጥብ ይገዛል፣ ለከርሞ። ሰውዬው አምናና ከርሞ ሞልቶት ዘንድሮ የሚባል ዓመት ሳይኖረው አረጀ።

«የፓርክ መግቢያም አላችሁ» ትላለች ማሪቤል። «ሁለት ሰው፣ አምስት አምስት ቀን። አንዱም ቀን አልተነካም።»

«በደንብ ይዣቸዋለሁ» ይላል ዱዌይን። «ላስቲክ ውስጥ ናቸው።»

«አየሽ፣ እኔንም እንደዚሁ ነበር የያዘኝ» ትላለች ማርሊስ፤ ማሪቤል ሳቋን በሳል ትሸፍነዋለች።

«ጌታዬ፣ አሁን ብቻዎን ሲሆኑ፣ አምሳ ነጥብ ቢጨምሩ ትልቁን ቪላ...»

«ሽጪለት የኔ ልጅ» ትላለች ማርሊስ። «ደስ ይለዋል።»

ማርሊስ የመውጫ ሰነዱን ገጾች አንድ በአንድ እየገለጠች የስሟን መነሻ ፊደል ታኖራለች። ሌላው ገጽ ሁሉ ያልቃል። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ማሪቤል እጇን ታነሳለች።

«አንዴ ይቆዩኝ እመቤቴ። እዚህ አሥራ አራት ነጥብ አለ፤ ዛሬ ነው የሚቃጠለው። ትንሿ ክፍል ደግሞ አሁን ጠዋት አንድ ሰው ሰርዟታል። አሥራ አራት ልክ የአንድ ሌሊት ነው።» ትንሽ ታቅማማለች። «የምታየው የመኪና ማቆሚያውን ነው።»

ማርሊስ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ እንዳንጠለጠለች ትቆያለች።

«በረራዬ ነገ ከሰዓት ነው» ትላለች፣ ለጠረጴዛው የምትነግር ይመስል። «እኅቴ ጋ ነበር ላድር ያሰብኩት። አምስት ድመት አላት።»

ዱዌይን ሰምቷል። ገብቶታልም። ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደው ሁሉ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል፤ አፉን ይከፍታል።

«ለከርሞ ማዛወር አይቻልም?»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው፤ የሌላ ሰው ድምፅ እንደሚሰማ ሰው።

«የማዛወሪያው ጊዜ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል ጌታዬ» ትላለች ማሪቤል፣ ቀስ ብላ፣ የሞት መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

ማርሊስ ትስቃለች። አጭር ሳቅ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። ትፈርማለች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ታደርግና «የደም ግፊት ክኒንህን የምትውጠው ከእህል በኋላ ነው» ትለዋለች። «በፊት አይደለም።» ትወጣለች።

የሚወስዳት መኪና ገና አልደረሰም። ዱዌይን በመስኮቱ ያያታል፤ መዋኛው ዳር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። አንድ ጥበቃ መጥቶ ወደ እጇ አንጓ ይጠቁማል፤ አባላት የሚያስሩት አምባር የለበትም። ይቅርታ ጠይቃ ትነሳለች።

ከኋላው ማሪቤል ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ ማስያዝ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚጀመር ትነግረዋለች።

ማርሊስ ጥላ ፍለጋ ወደ ሕንፃው ትመጣለች፣ መስኮቱ ፊት ትቆማለች። ጥቁር መስታወት ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ፊቱን ብቻ ይመልስለታል። ባርኔጣዋን ታስተካክላለች። ጥርሷ ላይ የነካውን የከንፈር ቀለም በጣቷ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ልክ ዓይኖቹ ውስጥ እያየች። ዱዌይን ከመስታወቱ በስተውስጥ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሊያንኳኳ ጣቶቹን አጥፎ ቆሟል።