ከማለቁ በፊት ያለችው ደቂቃ

ካራስ ዴዦ «ልጅ ዶፍ፣ ክፍል ሁለት» የተባለውን ፊልም ለስድስተኛ ጊዜ ሊያይ የወጣ ዕለት፣ ሚስቱ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረደች።

ፊልሙ ስድስት ጊዜ የሚታይ አይደለም። አንዴም በግድ ነው። ልጅ ዶፍ ድሮ የልጆች የካርቱን ፊልም ነበር፤ የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ እንደ ካባ አንገቱ ላይ አስሮ ዝናብ ላይ የሚበር ከሲታ ልጅ። በየምሽቱ ከዜና በፊት ብቅ ሲል አገር ምድሩ ጸጥ ይል ነበር። አሁን ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ተነሡና በእውነተኛ ተዋናይ ሠሩት። ከሲታውን ጡንቻ ሞሉት። ሰው ተሰልፎ ሲያይላቸው፣ ክፍል ሁለት አሉ።

ዴዦ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ለባያ ከተማ ጋዜጣ ዓርብ ዓርብ ስለ ፊልም ይጽፋል። ይጽፋል ማለት፣ እሱ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ ሚስቱ በታይፕ ትመታለች።

«ጻፊ» አላት። «ልጅ ዶፍ ድሮ ነፋስ የሚወስደው ልጅ ነበር። አሁን ሥጋ ቤት በር ላይ የተሰቀለ ሙክት መስሏል።»

ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። መታችው።

«ክፉው ሰውዬ ከተማውን የሚያጠፋው ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ እኛም አላወቅንም። ነጥብ። አዲስ መስመር። ግን ከማለቁ በፊት አንዲት ደቂቃ አለች። የጥንቱ ካርቱን ተመልሶ፣ በጥንቱ ድምፅ ‹አለሁ! አለሁ!› ይላል። ያ የወንድ ልጅ ድምፅ የሴት ድምፅ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። እሷን ለመስማት ስል ፊልሙን ደግሜ አየዋለሁ።»

ታይፑ ቆመ።

«ምነው?» አላት።

ወረቀቱን የምታስተካክል መሰለች። እሱም ፒፓውን ሊለኩስ ወደ በረንዳ ወጣ።

ዓርብ ጋዜጣው ሲወጣ ሙክቱ አለ፣ ክፉው ሰውዬ አለ፣ ልጅቷ የለችም።

«አንቺ ነሽ የቆረጥሻት?»

የዓሣ ሾርባ ታማስል ነበር። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ምን ታመጣለህ በሚል ዓይን።

«በአንድ ደቂቃ ድምፅ ቀናሽ? በዚህ ዕድሜሽ?»

ጭልፋውን ወረወረችው። ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ የትናንቱን ቅጠል ገነጠለችና ጀርባው ላይ ጻፈች፦ «የምትወደው እሷን ነው።»

ዴዦ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ውሸት አያውቅበትም፤ ይኸም አንዱ ጥፋቱ ነው።

«መጀመሪያ የወደድኩት እሷን ነው» አለ። «ገና ፊቷን ሳላይ። ምን ልዋሽሽ? ነይ አብረን እንየው ስልሽ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

በዚያ ሳምንት ከአፏ አንዲት ቃል አልወጣችም። ልጅቷን ከማንም በላይ ታውቃታለች፤ ሳቋን፣ ንቀቷን፣ ወንድ እንዴት እንደምታስፈዝ። ያቺ አታረጅም። ጉልበቷን አያማትም፣ ፀጉሯ አይሳሳም፣ እንደዚያው ሃያ አራት ዓመቷ ላይ ተጎልታለች። እሷ ደግሞ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። ከእንዲህ ዓይነቷ ጋር ማን ይወዳደራል?

እህቷ ያለችው ፔች ከተማ ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው በአሥራ አንድ ሰዓት። በዚያ አገር ሐምሌ በጋ ነው፤ በዚያ ሐሩር ሻርፏን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከእንግዲህ ሾርባውን ራሱ ያማስል። መናኸሪያው ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። እግሯ ወደ ሲኒማ ቤቱ ወሰዳት።

ትኬት ቆራጯ ጆንጂ ለከተማው አዲስ ናት፤ የመጣችው በፀደይ ነው። ገበያ ውስጥ ከባሏ ጋር ስላየቻት በባሏ የቤተሰብ ስም «የካራስ ሚስት» ትላታለች። ሌላውም ሰው እንደዚያው ነው የሚላት፣ ፖስታ ሳጥናቸውም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። የዴዦ ሚስት ዘመን ሴት ስታገባ የራሷን ስም እንደ መሐረብ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች።

«የካራስ ሚስት! ጤና ይስጥልኝ!»

አንድ ጣት ተቀሰረላት።

«አንድ ትኬት፣ እሺ። ሰላምታስ? እግዜር ያሳይዎት፣ ከፀደይ ጀምሮ አንድ ቀን መልሰውልኝ አያውቁም። ፊልሙ እኮ ሊያልቅ ነው። ደግሞ ሻንጣ ምንድነው? ባልዎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ጉድ ልንገርዎት? ሁልጊዜ ሁለት ትኬት ነው የሚቆርጠው! ማንን ሊያመጣ ነው ብዬ ዓይኔ ፈጠጠ። ባርኔጣውን ነው የሚያስቀምጥበት።»

ሴትዮዋ ትኬቷን ነጥቃ ገባች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ሻንጣውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጆንጂም ተከትላ አጠገቧ ዘፍ አለች።

«ይቺን ደቂቃ እኔም አላሳልፋትም» አለች በሹክሹክታ።

ጡንቸኛው ጠፋ። ከሲታው ልጅ የጃንጥላ ካባውን እያርገበገበ ብቅ አለ። «አለሁ! አለሁ!»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዴዦ ባርኔጣውን ከባዶው ወንበር ላይ አነሣ። ወንበሩን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገው። ውጭ የፔቹ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ሚስቱ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

ሸራው ላይ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ።

«ይኸውልዎት!» አለች ጆንጂ። «‹የጥንቱ ድምፅ፦ ሳልማ ፒሮሽካ›። በእሷ ነው ያደግኩት። ሞታለች ይላሉ። እውነትም ሳትሞት አትቀርም፤ በሕይወት ብትኖር እንዲህ ዝም ትል ነበር?»

የዴዦ ሚስት ሻርፏን ፈታች። ጆንጂ በሸራው ብርሃን፣ ሐኪሞች ድምፅዋን ወስደው ጉሮሮዋ ላይ የተዉትን ቀዳዳ አየች።

«ወይኔ እማማ… ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ ኩራት መስሎኝ…»

ሴትዮዋ ከቦርሳዋ አንድ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አወጣች፤ አንዲት ቃል ጻፈችና ጆንጂ ጭን ላይ አኖረችው።

«አለሁ።»