ለሀሩን የተጨመረው ብረት

«አዙሪ!» አሉ ጋሽ ገብረሰንበት ከመኪናዋ ሥር ሆነው።

ነኢማ መሪውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው። ሽማግሌው መካኒክ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የመሪውን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ በእጃቸው እየያዙ የላላ ይፈልጋሉ። «ድገሚው!» ደገመችው።

ጉርድ ሾላ ጀርባ ያለው ያ ጋራዥ እንደ እሷ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ሰው መኪናው ደህና እንዲሆንለት ይለምናል፤ ነኢማ ግን «ያ አላህ፣ የተበላሸ ነገር ይገኝልኝ» እያለች ነው። ባሏ ሀሩን በሰማንያ ሰባት ክረምት ከሞተ በኋላ፣ የሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ እሱ ይነግደው የነበረውን በርበሬ በመኪናው ጭና ራሷ እየነዳች ሾላ ገበያ ማድረስ ጀመረች። አሮጌዋ ፒካፕ ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ እግረኛው ትስባታለች። ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ለጥቂት ተረፈች።

የሀሩን ታናሽ ወንድም ሸረፋ የጋራዡን በር ተደግፎ ቆሟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ መልስ አታጣለትም ነበር። «ችግሩ የመኪናዋ ከሆነ አሠርተሽ ንጂ» ብሏታል ጠዋት። «ያንቺ ከሆነ ግን ሰው ሳትገድይ ቁልፉን ለኔ ስጪኝ።» እሷም እሺ ብላለች። ቁልፉ ከሄደ ንግዱም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ለልጆቿ ዳቦ እንኳ የሰው እጅ ማየት ነው።

ጋሽ ገብረሰንበት አቧራቸውን እያራገፉ ወጡ። «መሪዋ ጤነኛ ነው። ጎማውም ፍሬኑም ደህና ነው። ምንም አላገኘሁባትም።»

ነኢማ ቁልፉን ነቅላ ወረደች።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም ነበር። ከመኪናዋ ፊት ለፊት ራቅ ብለው ቁጢጥ አሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩዋት።

«እንዴ! ይቺ ወደ ቀኝ ያዘመመች ናት እኮ!»

ተመልሰው በግራው የፊት ጎማ ጀርባ ጎንበስ አሉና ተደራርበው የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙትን የባሌስትራ ብረቶች በጣታቸው ቆጠሩ። ዞረው የቀኙንም ቆጠሩ። «በሹፌሩ በኩል አንድ ትርፍ ብረት አለ። እዚህ የለም። ምን ዓይነቱ መካኒክ ነው እንዲህ የሚሠራው? ለጭነት የፈለገ ሰው ከኋላ ያስጨምራል፣ ያውም በሁለቱም በኩል!»

«መካኒኩ አልተሳሳተም» አለ ሸረፋ ከበሩ ላይ። «እኔና ሀሩን ነን ያስጨመርነው፤ እስካሁን ትዝም አላለኝ። እሱ ሲቀመጥ ወደ ግራ ትተኛ ነበር። ‹አንተ ነህ እሷን ተሸክመህ መሄድ ያለብህ› እያልኩ ስስቅበት…»

ሀሩን መቶ ሠላሳ ኪሎ ነበር። ነኢማ ከነጫማዋ አምሳ አትሞላም።

«እሱ ስለሌለ ነዋ የምታጋድለው» አሉ ጋሽ ገብረሰንበት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ላውጣው፣ ልጄ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ለነኢማ ግን አልነበረም። ብረቱ ይውጣ ማለት ሀሩን ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም ማለት ነው። ታውቀዋለች፤ ግን እስካሁን በራስሽ አፍ ተናገሪው ያላት ሰው አልነበረም።

«ያውጡት» አለች።

ሥራው ሲያልቅ ሸረፋ ቁልፉን አልጠየቃትም። ዞሮ በተሳፋሪው በር ገባና «በይ ንጂ፣ ገበያው ሳይበተን» አላት።

አስፋልቱ ላይ ስትወጣ እንደለመደችው መሪውን ወደ ግራ ያዝ አደረገችው፤ መኪናዋም ወደ ግራ ሄደችባት። ደንግጣ እጇን አላላች። ፒካፗ ወዲያም ወዲህም ሳትል፣ ሀሩን የሚባል ሰው እንደማታውቅ ሁሉ፣ ቀጥ ብላ ወደ ሾላ ገሰገሰች። ነኢማ ያኔ አለቀሰች፤ ሸረፋም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።