የድመቷ ቃጭል

ዴልፊን ከድምፅ ዕቃዎች ሱቁ መደርደሪያ ሥር ተንበርክካ ገመድ ስትፈታ፣ ከበላይዋ ፒያኖ ሲያንሾካሹክ ሰማች። ብድግ ስትል ደንበኛዋ ኦርቪል ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ድምፅ አጉሊው አዲስ አምፕሊፋየር ላይ እንደ ባላጋራ ያፈጥጣል።

"ይኼም ዋጠው!" አለ ሽማግሌው። "ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ያለ አምፕሊፋየር ሁሉ ሆዳም ነው እንዴ?"

"አስቸጋሪው ማዳመጫዎ ነው፤ ጉልበተኛ አምፕሊፋየር ካልገፋው አይዘፍንም" አለች እየሳቀች። "ባለቤቱን መስሎ!"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ተይኝና ቃጭሉን አምጪልኝ።"

ሟች ሚስቱ ሳሎናቸው ውስጥ ተጫውታ በቀረጸችው ዜማ መጨረሻ ላይ፣ ድመቷ ከጭኗ ስትዘል የአንገቷ ቃጭል ይሰማ ነበር። ለኦርቪል ከዜማው ሁሉ የሚበልጥበት እሱ ነው። በረዶው ከጀመረ ወዲህ ግን ጠፋበት፤ ነገሩን በአምፕሊፋየር አሳብቦ አንዱን በሌላው ሲለውጥ ከረመ።

ዴልፊን የመጨረሻውን፣ በሱቁ ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለውን፣ ባለ ብርጭቆ አምፖሉን አምፕሊፋየር አመጣች። አምፖሎቹ እስኪግሉ ጠበቁ። ኦርቪል ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማና ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። "እስቲ አንቺ ስሚውና ጉድለቱን ንገሪኝ" ብሎ ማዳመጫውን በገዛ እጁ ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

ፒያኖው ቀስ እያለ ሞተ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ተሰማት። ወዲያው ቃጭሉ ጥርት ብሎ ጮኸ። ዴልፊን ሳታስበው ድመቷን ፍለጋ እግሯ ሥር አየች።

ቀና ስትል ኦርቪልም እዚያው ባዶ ወለል ላይ ዓይኑን ተክሏል።

"ምናልባት ገመዱን ብንቀይረው..." አለች።

ኦርቪል ጆሮውን ዳበስ አድርጎ ኮፍያውን አነሳ፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንደተወው በሩን ከፍቶ ወጣ።