የማበጠሪያው ደንቦች

የውኃ መሥሪያ ቤቱ ፓምፖች የሚታዘዙት አንድ ሰው በፈጠረው ቋንቋ ነው። ሰውየው ከሠላሳ ዓመት በፊት የኮምፒውተር ቋንቋውን ከራሱ አውጥቶ፣ ፕሮግራሙን በዚያው ጽፎ፣ ጊዜው ሲደርስ ጡረታ ወጣ። መማሪያ የሚሆን አንድ ገጽ እንኳ አልተወም። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ኮዱ ላይ እንደመሰላቸው ሲለጣጥፉ ስለኖሩ ዛሬ የሚያየው ሰው ራሱን ይይዛል።

ስለዚህ ማበጠሪያ መጣ። ማበጠሪያ ያሉት የተንጨባረረ ኮድ የሚያስተካክል ፕሮግራም ነው፤ መስመሩን ያቃናል፣ ክፍተቱን ይለካል፣ የተበታተነውን ማስታወሻ ይሰበስባል። ግን ቋንቋውን ካልነገሩት አያውቅም። የቱ ትእዛዝ ነው፣ የቱ ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው፣ አንድ ክፍል በምን ተከፍቶ በምን ይዘጋል፣ ሁሉም ደንብ ሆኖ አንድ ፋይል ውስጥ መግባት አለበት።

ሥራው ለሁለት ሰዎች ተሰጠ። ፕሮግራመሯ ጠዋት ጠዋት ቋንቋውን የፈጠረው ሽማግሌ ቤት ሄዳ ደንቡን ትሰማለች፤ ከሰዓት ቢሮ ተመልሳ ትጽፋለች። ቢሮው ውስጥ ረጅሙ የሚሉት ባልደረባዋ ደግሞ ከሥራ መውጫ በፊት ፋይሉን በናሙና ኮድ ይፈትንና ውጤቱን ከግርጌው ይጽፋል። ረጅሙ የአሥራ ሁለት ዓመት ጓደኛዋ ነው። እናቷ ታማ በተኛች ጊዜ ሐኪም ቤት አብሯት የተንከራተተው እሱ ነው።

ሽማግሌው ብቻውን ይኖራል። እሱ ፊት መጻፍ ክልክል ነው።

«እስክሪብቶውን አስቀምጪው ልጄ። የሚጽፍ ሰው አይሰማም» ይላታል።

ሻይ ያፈላል፣ አንድ ሁለት ደንብ ይነግራታል፣ ከዚያ ስለ ድሮ ሥራው ጨዋታ ያመጣል። ጨዋታ ያውቅበታል፤ ሁለት ሰዓት ሳታስበው ያልፋል። አባቷን በልጅነቷ ስላጣች «ጋሼ» የምትለው ከአንጀቷ ነው።

ችግሩ ደንቡ አልጸና አለ። በየሁለት ቀኑ ረጅሙ «ናሙናው ተበላሸ» ይላታል። በማግስቱ ሄዳ ስትጠይቅ ሽማግሌው ግንባሩን ይቋጥራል።

«እንዲህ ብዬ ነው የነገርኩሽ?»

«ፋይሉ ላይ ያለው እንደዚያ ነው ጋሼ።»

«እኔስ ያልኩሽ ሌላ ነው። ፋይሉን የሚነካ ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

አለ። የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር የቀድሞውን ቅጂ አያስቀምጥም፤ ፋይሉን በመጨረሻ የነካውን ሰው ስም ብቻ ያሳያል። ከፍታ አየች። የረጅሙ ስም ነው። በማግስቱም አየች። አሁንም የረጅሙ ስም።

ከሁለት መቶ ደንብ መሃል የትኛውን እንዴት እንደጻፈች በቃሏ አታስታውሰውም። ቋንቋውን የፈጠረው ሰው ግን የገዛ ቋንቋውን አይስትም። ከዚያ ወዲህ ረጅሙን በሌላ ዓይን ታየው ጀመር።

«አንድ ቀን አብሬሽ ልሂድ» አላት ምሳ ላይ። «ሁለታችንም ብንሰማው ይሻላል።»

ቦታዬን ፈልጎ ነው አለች በልቧ። ለሽማግሌው ስትነግረው እሱም አልወደደውም።

«ተይው፤ ሰው ሲበዛ ይዞርብኛል።»

ሰኞ ዕለት በኮከብ ምልክት የሚጀምር መስመር ሁሉ ማስታወሻ ነው የሚለው ደንብ ገባ። ረጅሙ መፈተኛ አንድ ቀን ይጨመርልኝ አለ። ሥራዬን ሊያጓትት ነው ብላ ተቃወመች። ሥራ አስኪያጁም ቸኩሎ ነበርና ማክሰኞ ማበጠሪያው በዋናው ኮድ ላይ ተለቀቀ።

ማበጠሪያው የታዘዘውን አደረገ። በኮከብ የጀመረውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ረጅም ማስታወሻ አደረገው። ፓምፖቹን የሚያስነሱት ትእዛዞችም አብረው ተሰበሰቡ፤ ማሽን ደግሞ ማስታወሻ አያነብም። ግማሽ ከተማ ቀኑን ሙሉ ውኃ አጣ። የሕፃናት ሐኪም ቤቱ በቦቴ ተቀዳለት።

ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ከኮከቡ ቀጥሎ ቁጥር ካለ ትእዛዝ ነው ብዬሽ አልነበር?»

በቀጥታ ወደ ቢሮ ሄደች። ረጅሙ ገና ኮቱን አላወለቀም።

«የጻፍኩትን ለምን ትለውጣለህ? ምን አደረግኩህ?»

«አንድ ፊደል አልነካሁብሽም። ሽማግሌውን ጠይቂ።»

ያቃጠላት ይሄ ነው። ከድቶ ሲያበቃ በአንድ ብቸኛ ሽማግሌ ማላከኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ያመነችው ሰው ፊቷ ቆሞ ባዳ ሆነባት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ሁሉን ተናገረች፤ ስሙንም ኮምፒውተሩ ላይ አሳየች። ረጅሙ በዚያው ቀን ተሰናበተ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆም አለ። ቀና ብላ አላየችውም።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው ቤት ደረሰች። ሥራው እንደገና ከሀ መጀመር አለበት። የሆነውን ነገረችው።

«ልጆች አሉት?»

«ሁለት።»

«አይ!» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «በይ እንግዲህ፣ ከመዝጊያው እንነሳ። ክፍል ሁሉ የሚዘጋው በነጥብ ነው። በነጥብ ብቻ።»

ሻይ ሊጥድ ወደ ማድ ቤት ገባ።

እሷ ግን በዚህ ሳምንት ካየችው በኋላ በቃል መያዝ በቃኝ ብላለች። ሳያየኝ ልጻፈው ብላ እስክሪብቶ ፍለጋ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበች። ውስጡ ወፍራም ደብተር ነበር። የቋንቋው ደንብ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። ከደንቦቹ ቀጥሎ ደግሞ ቀን በቀን የተጻፉ አጫጭር መስመሮች አሉ። የመጨረሻውን አነበበች።

«ሐሙስ። የመዝጊያውን ደንብ አሳስቼ እነግራታለሁ። ዓርብ ተመልሳ ትመጣለች።»